ቀድሞ የተኮሰው ማን ነበር

ቫልፎንቴን እርሻ፣ ካሩ
ጃንዋሪ 11 ቀን 2014

ለተከበሩ ኦም ቶይኒስ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ልጅዎም ከነቤተሰቧ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ምኞቴ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ሰማዩ ግን ፊቱን እንዳዞረብን ነው፤ ግድባችን ውስጥ ጭቃ ብቻ ቀርቷል።

«ኦም»፣ አጎቴ፣ ብዬ ስጠራዎ መልኬን አያስታውሱት ይሆናል። የሉካስ ልጅ ማግሪት ነኝ። የእርስዎ አያትና የአባቴ አያት ወንድማማቾች ናቸውና ዝምድናችን ቢቀጥንም አልተበጠሰም። ወደ ኒውዚላንድ ሲሄዱ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ጠመንጃዎን በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ አቅፈው ፒክአፑ ላይ ሲወጡ ነው። እማዬ «ሚስቱን እንኳ እንዲህ አቅፏት አያውቅ» ብላ ስትስቅ ሰምቻለሁ።

አባባ ኖቬምበር ላይ ማረፉን ልጅዎ ነግራዎታለች። ስልክ እንደማይወዱም ለእኛ ነግራናለች፤ ለዚህ ነው ብዕር ያነሣሁት።

በጎቹን ድርቁ ከወሰደብን ወዲህ እርሻውን ያቆመው የክረምት አደን ነው። እንግዶቹ መጥተው ሚዳቋ ያድናሉ፣ ቋንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ እኛም እስከሚቀጥለው ክረምት እንኖርበታለን። የወረዳችንን አዳኞች ማኅበር ሕግ ደግሞ ያውቁታል፤ የአደን መሪ የሌለው እርሻ እንግዳ አይቀበልም። መሪው አባባ ነበር። አሁን እኔ ልተካው እፈልጋለሁ። ለዚህም ከአንድ የርቀት ተኩስ ትምህርት ቤት የምስክር ወረቀት ማምጣት፣ ከዚያ ጁን ላይ በማኅበሩ ፊት መፈተን አለብኝ። ካልሆነልኝ አደናችንን የሚመራው ጎረቤታችን ብራም ነው፤ ብራም ደግሞ አንዴ እግሩን ካስገባ የሚያወጣ ሰው አይደለም። በቀብሩ ማግስት መጥቶ «ማግሪት፣ አንቺ ለእንግዶቹ ሾርባውን ሥሪ፤ ጠመንጃውን ለእኔ ተዪው» አለኝ። እኔ ሾርባ መሥራት አልወድም።

ሦስት ትምህርት ቤቶች አግኝቻለሁ። አንደኛው ፕሪቶሪያ አጠገብ ያለው ትልቁ ነው፤ ኮምፒውተሩ ያሰላል፣ ሰው ይተኩሳል፣ እስከ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ድረስ። ሁለተኛው አንድ የቀድሞ ወታደር በባሕሩ ዳርቻ የከፈተው ነው። ሦስተኛው እዚሁ ከተራራው ማዶ ነው፤ ኦም ሳረል የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው የሚያስተምሩት። ማስታወቂያ የላቸውም፤ በራቸው ላይ ያለው ሰሌዳም ዝጓል። እርስዎ በብሉምፎንቴን ሜዳ ዋንጫ ያነሡ አልሞ ተኳሽ ነዎትና ይምከሩኝ፤ የትኛውን ልምረጥ?

በአክብሮት፣
ማግሪት

*

ሳውዝላንድ፣ ኒውዚላንድ
ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2014

ለማግሪት ሉካስ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፤ ለእናትሽም ጽናቱን ይስጣት። አባትሽ በዕድሜው ሙሉ አንድ ሰው አላስቀየመም። እኔ የእሱን ድርሻ ጨምሬ አስቀይሜለታለሁና አምላክ ሁለታችንንም አመዛዝኖ ይየን።

እዚህ ዝናቡ አያባራም። ከመጣሁ ጀምሮ ካልሲዬ ደርቆ አያውቅም። በግ እንደ ጉድ ነው፤ አድማስ ግን የለም፤ ዓይን የሚያርፍበት ሩቅ ቦታ የሌለው አገር ለተኳሽ አይሆንም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። የፕሪቶሪያዎቹ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ላይ ምን እንድትተኩሺ ነው የሚያስተምሩሽ? ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ቢሆንም መሣሪያቸው ደህና ነው፣ አልጋቸውም ይሞቃል ይባላል። ወታደሩ ዒላማ መምታት ያስተምርሻል። ዒላማ ግን አይደማም፤ ቆስሎ ጫካ ገብቶ ሦስት ቀን አያጣጥርም። የአዳኝ ትምህርት የሚጀምረው ከዚያ ላይ ነው።

ትምህርት ቤት ስትመርጪ ስለ ጠመንጃው አትጠይቂ፤ ስለ ሜትሩም አትጠይቂ። መምህሩን በራሱ አፍ አናግሪና «አንተ ራስህ አቁስለህ ያጣኸው አውሬ አለ ወይ?» በይው። ከዚያ ዝም ብለሽ አድምጪ። የለም የሚል ሰው ወይ አደን አያውቅም ወይ ይዋሻል። ሌላ ሰው ላይ የሚያላክክ ደግሞ ነገ አንቺ ላይ ያላክካል። መልስ ከመስጠቱ በፊት ዝም የሚል ሰው ካገኘሽ እዚያ ግቢ። እኔ በዕድሜዬ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከቀዩ ገደል ሥር ያለው የነፋስ ወፍጮ አሁንም ይጮሃል? ዘይት የሚቀባው ሰው ነበረው?

ያንቺው፣
ቶይኒስ

*

ቫልፎንቴን
ማርች 3 ቀን 2014

ለኦም ቶይኒስ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ካልሲዎስ? እማዬ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ሠርታልዎታለች፤ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ።

ወፍጮው አሁንም ይጮሃል። ዘይት የሚቀባው ክላስ ነበር፤ ክላስን ያስታውሱታል፣ የበጎቻችን ኃላፊ። አሁን በግ ስለሌለ የእኔ ኃላፊ ሆኗል። «ኦም ቶይኒስ ስለ ወፍጮ ከጠየቁ የናፈቃቸው ወፍጮው አይደለም» ይላል። እኔ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ጥያቄዎን ይዤ ሦስቱም ዘንድ ደወልኩ። የፕሪቶሪያው ልጅ ሳቀ። «የእኛ ተማሪዎች አውሬ አያጡም፤ መሣሪያው አይፈቅድላቸውም» አለኝ። ወታደሩ ደግሞ «አንድ ጊዜ አዎ፤ አብሮኝ የነበረው ሰው ርቀቱን አሳስቶ ነግሮኝ ነው» አለ። ስሙን ሳይቀር ነገረኝ።

ኦም ሳረልን ለመጨረሻ ያቆየኋቸው አለምክንያት አይደለም፤ እርስዎ በደብዳቤዎ ስለ እሳቸው አንድም ቃል አልጻፉም። ስለ ሁለቱ ጽፈው ሦስተኛውን ዘለሉት። ረስተውት ነው ብዬ ነበር።

ስጠይቃቸው ዝም አሉ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ኦም፣ አሉ?» አልኩ። «አለሁ» አሉኝ። ከዚያም «አቁስዬ ያጣሁት ሁለት ነው። ሁለቱንም ፈልጌ አላገኘኋቸውም። በአንድ አጋዘን ደግሞ ሰው አጥቻለሁ፤ እሱን ግን አልፈለግሁትም» አሉ። «ማንን?» ስል «ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ነይ፤ ወፍራም ሹራብ ያዢ» ብለው ዘጉት።

እንግዲህ በእርስዎው መለኪያ የተመረጡት እሳቸው ናቸው። ቦታ ይዣለሁ። የሚያውቋቸው ከሆነ ይንገሩኝ፤ መቼም አንድ ወረዳ ኖራችሁ አትተዋወቁም ማለት ይከብደኛል።

አክባሪዎ፣
ማግሪት

*

ሳውዝላንድ
ኤፕሪል 9 ቀን 2014

ማግሪት፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነባብቷል። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልልሽም፤ የጡረታ ሰው ምን ሥራ አለው። ካልሲውን ለእናትሽ አመስግኝልኝ።

እዚያ ቤት አትግቢ። ፕሪቶሪያ ሂጂ። ክፍያው እንዳይከብድሽ፤ ሙሉውን እኔ እችለዋለሁ። የጠመንጃዬን መነጽርም እልክልሻለሁ፤ በብሉምፎንቴን የተኮስኩበት ነው፣ ለማንም ሰጥቼው አላውቅም።

ምክንያቱን አትጠይቂኝ። ያ ሰው ማስተማር ይችላል፤ በዚህ አላማውም። ንፋስ የሚያነብ ዓይን እንደ እሱ አላየሁም። ነገር ግን ሰው ንፋስ አንብቦ ሰው ማንበብ ካልቻለ ምን ይረባል?

ቶይኒስ

*

ከኦም ሳረል ግቢ
ኤፕሪል 29 ቀን 2014

ለተከበሩ ኦም ቶይኒስ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎ ቤት የደረሰው እኔ ወደዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ ክላስ ከስኳርና ከሻማ ጋር አምጥቶልኝ ትናንት አነበብኩት። ስለ ክፍያው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ገብቻለሁ፤ ያስገባኝም የእርስዎ ጥያቄ ነው።

እዚህ እንዴት እንደምንማር ልንገርዎ። ጠዋት ጠዋት ኦም ሳረል ለእያንዳንዳችን አንድ ጥይት ይሰጡናል። አንድ ብቻ። ኪሳችን ከተን ቀኑን ሙሉ በደረታችን ተኝተን ሣር እንዴት እንደሚተኛ፣ ሙቀቱ ከአለት ላይ ወዴት እንደሚፈስ፣ አቧራ የት ላይ እንደሚሰበር እናያለን። የየራሳችንን ሰዓት የምንመርጠው እኛ ነን። ንፋሱ ከአቅሜ በላይ ነው ያለ ሰው «አልተኩስም» ብሎ ጮክ ብሎ ይናገርና ማታ ጥይቱን ይመልሳል። ጥይት መመለስ በዚህ ግቢ ነውር የለውም። የመጀመሪያውን ሳምንት ከተኮስኩት የመለስኩት ይበዛል።

አብሮኝ ከኬፕታውን የመጣ አንድ የጥርስ ሐኪም አለ፤ ጠመንጃው ከእኛ ፒክአፕ ይወደዳል። የመጀመሪያ ቀን ምላጩን ሲስብ ዓይኑን ጨፈነ። ኦም ሳረል አዩትና «ዶክተር፣ ጥርስም ስትነቅል እንደዚህ ነህ?» አሉት። ሰውየው ደግነቱ ቀልድ ያውቃል፤ «እኔ ሳልሆን በሽተኛው ነው የሚጨፍነው» አላቸው። አሁን ከሁላችን የተሻለ ሆኗል፤ ከእኔ በቀር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ትናንት ኦም ሳረል ወደ ዒላማው ወሰዱኝ፤ ከብረት ሰሌዳው ጎን በአፈር የተደለደለ ጉድጓድ አለ፣ እዚያ አስቀመጡኝ። ሐኪሙ ከሰባት መቶ ሜትር ተኮሰ። መጀመሪያ ብረቱ ጮኸ። ከዚያ ዝም አለ። እኔም እንግዲህ ከሌላ ቦታ ተመትቶ ይሆን እያልኩ ሳስብ የጠመንጃው ድምፅ ቀስ ብሎ ደረሰ። ኦም ሳረል «ሰማሽ? የሞተ አውሬ የገደለውን ተኩስ አይሰማም። ጥይቱ ይቀድማል፣ ድምፁ ይከተላል። ሩቅ የሚተኩስ ሰው ይህን ካልያዘ በጆሮው ይታለላል» አሉኝ።

ማታ ሥጋ ስንጠብስ ግድግዳቸው ላይ ስላለው የአጋዘን ቀንድ ጠየቅኋቸው። እንደዚያ የተጠማዘዘ፣ እንደዚያ የረዘመ ቀንድ አይቼ አላውቅም። ብዙ ሥጋ ከገለበጡ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦

«ቫልፎንቴን ላይ ነው የተመታው፤ አያትሽ መሪ በነበሩ ጊዜ። ከወፍጮው ወዲህ ቁጥቋጦው ውስጥ ነበርኩ። መቶ ርምጃ ላይ መጥቶ ቆመ። ተኮስኩ፤ ወደቀ። የቶይኒስ ጠመንጃ የጮኸው ከዚያ ወዲያ ነው። ወርዶ መጣና ዓይኔን እያየ ‹ቀድሜ የተኮስኩት እኔ ነኝ› አለኝ። ‹ውሸታም› አልኩት። ከአንድ ጠረጴዛ ላይ ፊደል የቆጠርን ሰዎች ነን። አጋዘኑ ገላ ላይ ሁለት ጥይት ነበር፤ ሁለቱም ገዳይ። ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ መጀመሪያ ያደማው ይወስዳል። አያትሽ ለእኔ ፈረዱ። ቶይኒስም ‹ሁላችሁም ውሸታሞች ናችሁ› ብሎ ሄደ። በዚያው ሄደ።»

እርስዎ የት ቆመው እንደነበር ጠየቅኋቸው። «ታችኛው ጉብታ ላይ ነዋ፤ አያትሽ የመደቡት እዚያ ነው» አሉ።

ኦም ቶይኒስ፣ ሌላ አልጠይቅዎትም። መነጽሩም ይቅር። አንዲት ነገር ብቻ ይጻፉልኝ፤ የዚያን ቀን የት ላይ ሆነው ነው የተኮሱት?

ማግሪት

*

ሳውዝላንድ
ሜይ 20 ቀን 2014

ለማግሪት፣

ሰላም ነሽ ወይ። አንቺ ልጅ አያትሽን ወጥተሻል፤ አጥንት የያዘ ውሻ ይሻላል ከእናንተ።

የቆምኩት ቀዩ ገደል አናት ላይ ነው። ንፋሱ ስለዞረ ታችኛው ጉብታ ላይ ብቆይ አውሬው ሁሉ ያሸተኝ ነበር፤ ስለዚህ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ አጋዘኑን አየሁት፣ ንፋሱ እስኪያርፍ ጠበቅኩ፣ ተኮስኩ። ጠመንጃዬ ረግጦኝ ዓይኔን መልሼ መነጽሩ ላይ ሳደርግ አጋዘኑ ወድቋል። ከዚያ በኋላ ነው የሳረል ጠመንጃ የተሰማኝ። በኋላ ነው። ይህን በእናቴ መቃብር ላይ እምላለሁ።

የት ቆመህ ነበር ብሎ ማንም አልጠየቀኝም። እኔስ ውሸታም ተብዬ ስጠራ የቆምኩበትን ላስረዳ? ሳረል የሚያውቀኝ ሰው ነበር። ሊያውቀኝ ይገባ ነበር።

ወንድም አልነበረኝም፤ እሱ ነበር ወንድሜ። አሁን ተዪኝ።

ቶይኒስ

*

ቫልፎንቴን
ጁን 22 ቀን 2014

ለተወደዱ ኦም ቶይኒስ፣

የሚያነቡት ቁጭ ብለው ይሁን፤ ልጅዎንም ይጥሩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ የቫልፎንቴን የአደን መሪ እኔ ነኝ። ግን ይህን ወደኋላ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ የእርስዎ ነገር ይቅደም።

ደብዳቤዎ በደረሰ ማግስት ኦም ሳረልን ጠርቼ ከወፍጮው ወዲህ ያለው ቁጥቋጦ ወሰድኳቸው። አጋዘኑ የወደቀበትን ቦታ ክላስ ያውቀዋል፤ የዚያን ቀን አውሬ ነጂ ሆኖ ነበር። እዚያ ላይ ሁለት የብረት ሰሌዳ ተከልን፤ አንድ ለኦም ሳረል፣ አንድ ለክላስ። ክላስ ቀዩ ገደል አናት ላይ ወጣ። በርቀት መለኪያው ሳየው ከስድስት መቶ ሜትር ያልፋል።

ኦም ሳረል «ይህ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?» አሉ።

«ኦም፣ በሩቅ ማሳያ መነጽር ክላስን አየዋለሁ። ጠመንጃው ሲረግጠው ባየሁ ጊዜ ትከሻዎን እነካዎታለሁ። ያን ጊዜ ይተኩሱ» አልኳቸው።

«እሱ ከተኮሰ በኋላ?»

«እሱ ከተኮሰ በኋላ።»

ክላስ ተኮሰ፤ ትከሻው ሲመታ አየሁ። ነካኋቸው፤ ተኮሱ። የእሳቸው ሰሌዳ ጮኸ። ከዚያ የክላስ ሰሌዳ ጮኸ። ከዚያ፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ የክላስ ጠመንጃ ድምፅ ከገደሉ ወረደ።

ኦም ሳረል «ድገሚው» አሉ። ደገምነው፤ ያው ሆነ። ሦስተኛ ጥይት ሰጠኋቸው። ጥይቱን እጃቸው ላይ አገላብጠው አገላብጠው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ጥይቱን መለሱልኝ። «አልተኩስም» አሉኝ፤ ልክ ተማሪዎቻቸው እንደሚሉት ጮክ ብለው።

ነገሩ ይህ ነው ኦም። ቀድመው የተኮሱት እርስዎ ነዎት። የእርስዎ ጥይት ገና በአየር ላይ ሳለ ኦም ሳረል ከቅርብ ተኩሰው ቀደሙት። እሳቸው የእርስዎን ተኩስ የሰሙት አጋዘኑ ከወደቀ ወዲያ ነው፤ እርስዎም የእሳቸውን የሰሙት ከዚያው ወዲያ ነው። ሁለታችሁም የሰማችሁትን ተናገራችሁ። አንዳችሁም አልዋሻችሁም። ክላስ ከገደሉ ወርዶ ስንነግረው «ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው ማለት ለካ ይህ ነው» አለ። ኦም ሳረል ግን «ይህንን ነገር በየሳምንቱ አስተምራለሁ። ከዚያው ቀንድ ሥር ተቀምጬ» ብለው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ክላስ ወፍጮውን ዘይት ልቀባ ብሎ ሄደ።

አሁን ፈተናው። ትናንት ነበር፣ በብራም እርሻ። የወረዳው ሰው ሁሉ መጥቷል፤ ቋሊማ ይጠበሳል፣ ልጆች ይጯጯሃሉ። የሊቀመንበሯ ስም ኮርኔሊያ ነው፣ ሰው ሁሉ «ታኒ»፣ አክስቴ፣ ይላታል፤ ለሳቅ ጊዜ የላትም። ብራምም እንደ እኔ ተፈታኝ ነው፤ እኔ ከወደቅሁ አደናችንን ሊረከብ። አራቱን ሰሌዳ ሁለታችንም መታን። አምስተኛው አምስት መቶ ሜትር ላይ፣ ከሸለቆው ማዶ ነው። ያን ጊዜ ንፋሱ ተነሣ። እዚህ ባንዲራው ወደ ግራ ይተኛል፣ ሸለቆው ውስጥ ያለው ሣር ወደ ቀኝ።

«ማግሪት፣ ተራሽ ነው» አለች ታኒ ኮርኔሊያ።

«አልተኩስም» አልኩ።

ሰው አጉረመረመ። ብራም «ምነው፣ ሾርባው አረረብሽ?» አለኝ። ሰው ሳቀ። እሱ ተኛና ተኮሰ፤ አቧራው ከሰሌዳው የትና የት ተነሣ። እንደገና ልሞክር ሲል ታኒ ኮርኔሊያ «አውሬ ሁለተኛ ጊዜ አይጠብቅህም» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንቺስ እስከ መቼ ነው የማትተኩሺው?» አለች።

«ሣሩ እስኪቆም።»

«እስክትጠልቅ ፀሐይዋ ያንቺ ናት» አለችኝ።

በደረቴ ተኝቼ ቀረሁ። ቋሊማው በስሎ ተበላ፣ ድንች ሰላጣው አለቀ፣ ልጆቹ ሰለቻቸው፣ እማዬ ሻርፗን አምጥታ ጀርባዬ ላይ ጣል አደረገች። ኦም ሳረል አንድ ጊዜም አላዩኝም፤ ሣሩን ነበር የሚያዩት። ፀሐይ ወደ ተራራው ስትጠጋ ሸለቆው ውስጥ ያለው ሣር ቀጥ አለ። ባንዲራውም ወረደ። ምላጩን ሳብኩ። ብረቱ ሲጮህ ሁሉም ሰው ሰማው፤ ብራም ሳይቀር ቋሊማውን ይዞ ተነሣ። ኦም፣ ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ታኒ ኮርኔሊያ ሳቀች። ምስክር አለኝ፤ ሳቀች።

ኋላ እሳቱ ዙሪያ ተቀምጠን የማኅበሩ ሰዎች ስሜን ከተናገሩ በኋላ ኦም ሳረል ተነሡ። መናገር አይወዱም፤ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። እንዲህ አሉ፦

«እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን ቀንድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሕጉ እንደሚለው የእኔ ነው፤ መጀመሪያ ያደማው የእኔ ጥይት ነው። ቀድሞ የተኮሰው ግን ቶይኒስ ነው። ከእኔ ስድስት እጥፍ ርቆ፣ በዚያ ንፋስ፣ ልቡ ላይ ነው የመታው። ከእኔ የበለጠ ተኩስ ነው። ያንን ሰው በእናንተ ፊት ውሸታም ብዬዋለሁ፤ በእናንተው ፊት ቃሌን አነሣለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። 

ኦም ቶይኒስ፣ የመጀመሪያው አደኔ ኦገስት መጀመሪያ ላይ ነው። ምክር አልጠይቅዎትም፣ መነጽርም አልጠይቅዎትም። ይምጡ። ኦም ሳረል በአፋቸው አልነገሩኝም፤ ግን ቀንዱን አውርደው አቧራውን ሲጠርጉ አይቻለሁ።

የቫልፎንቴን የአደን መሪ፣
ማግሪት ሉካስ

*

ሳውዝላንድ
ጁላይ 14 ቀን 2014

ለአደን መሪዋ፣

በሰማይ ያለው አባት ክንድሽን ያጽና፣ ዓይንሽን ያብራ፣ ግድባችሁንም ይሙላ። ለእናትሽ ጉልበቷን ሳምኩ በያት።

ደብዳቤሽን ልጄ ናት ያነበበችልኝ። የማንበቢያ መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነበር ብያታለሁ፤ መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር። «ቀድሞ የተኮሰው ቶይኒስ ነው» የሚለው ላይ ስትደርስ አስቆምኳት። ድገሚው አልኳት። አሁንም ድገሚው። ሦስተኛውን እሷም አልቻለችውም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኛ ሁለት ሞኞች የያዝነው ደግሞ አንድ ነገር ነበር፤ እሱም እኔም እውነቱን ይዘን ሃያ አንድ ዓመት ተጣላን። ለሳረል ንገሪልኝ፤ ቀንዱን ግድግዳው ላይ መልሶ ይስቀለው። የእሱ ነው። ሕግ ሕግ ነው፣ እኔም ያደግሁበት ነው። እኔ የፈለግሁት ቀንድ አልነበረም፤ ቀድሞ ተኩሷል መባል ነበር። ተባልኩ። በስንት ሰው ፊት! ከዚህ ወዲያ ምን ቀረኝ?

ትምህርት ቤትሽንም በትክክል መርጠሻል። ጥያቄው የእኔ ነበር፤ መልሱን ግን ፈርቼው ነበር።

የምመጣበት አውሮፕላን ሐሙስ ይነሣል። ይህን ደብዳቤ ዛሬ ፖስታ ቤት እጥለዋለሁ። ቀድሞ የሚነሣው ደብዳቤው ነው፤ እኔ ግን ሳልቀድመው አልቀርም። ሲደርስ ምናልባት ከጎንሽ ተቀምጬ የእናትሽን ደረቅ ዳቦ እየበላሁ ታነቢዋለሽ። በዚህም እንዳንጣላ።

አንድ ልመና አለኝ፣ እንደ ዘመድ ሳይሆን ለአደን መሪ የማቀርበው ነው። ቦታ ስትመድቢ በዚህ ዓመት ሳረልን ቀዩ ገደል አናት ላይ አድርጊው፤ እኔን ከቁጥቋጦው ሥር። ከዚያ የፈለገውን ያህል ቀድሞ ይተኩስ።

ቶይኒስ